ለአሮጌ ሞተር የኋላ ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

"ሾኩ ሞቷል" ሲባል አብዛኛው ሰው ሚመስለው ሞላው የደከመ ነው፣ ከውጪ ሚታየው እሱ ስለሆነ። ግን ሾክ ሚባለው ዕቃ ሥራቸው ለየቅል የሆነ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ የታሰሩበት ነው። ሞላው ክብደት ይሸከማል፣ በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም፤ ሲጫኑት ይታመቃል ሲለቁት ይመለሳል፣ የተቀበለውን ጉልበት ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይመልሳል፣ ችግሩም እዚ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ሞላ ብቻ ያለው ሞተር አንድ ጉብታ ካገኘ እስኪበቃው እየዘለለ ነው ሚሄደው። መሃሉ ላይ ያለው ዘንግና ቱቦ፣ ዳምፐር ሚሉት፣ ያንን ዝላይ ገዳይ ነው። ውስጡ ዘይት አለ፣ ዘይቱ ውስጥ ፒስተን አለ፣ ፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት፣ ዘንጉ ሲገባና ሲወጣ ዘይቱ በግድ በነዛ ቀዳዳዎች ይሾልካል፣ የሞላው ጉልበትም ወደ ሙቀት ተቀይሮ ያልቃል። ከመጥፎ መንገድ በኋላ ሾኩን በእጃችሁ ብትነኩት ሞቅ ሚለው ለዚህ ነው፣ እየሰራ ነው ማለት ነው።

ሃያ ሰላሳ ዓመት የሞላው ሞተር ላይ ቀድሞ ሚሞተው ሁሌ ማለት ይቻላል ዳምፐሩ ነው። ሞላ ብረት ነው፣ ካልዛገና ካልተሰበረ ብዙ ዓመት ይኖራል። ዳምፐሩ ግን የዘይት ሲል፣ ማለት ዘይቱ እንዳይወጣ ሚያግደው ጎማ፣ አለው፣ ሲሉ ይደርቃል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ጋዝ ካለው ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ዘይቱ ራሱ ያረጃል። አሟሟቱ ደሞ ቀስ በቀስ ስለሆነ ባለቤቱ አይታወቀውም፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሲበላሽ ሰውየውም አብሮ ይለምደዋል፣ ከዛ አንድ ቀን የጓደኛውን ሞተር ነድቶ ሲመለስ የራሱ እንደ ጀልባ ሲወዛወዝበት ነው "እንዴ!" ሚለው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩን ቀጥ አርጋችሁ ያዙና ወንበሩን ከኋላ በኩል በደንብ ተጭናችሁ ልቀቁት። ወደ ላይ ተመልሶ እዛው ፀጥ ካለ ዳምፐሩ ቢያንስ ነፍስ አለው። ወጥቶ ወርዶ እንደገና ከወጣ ሞቷል። በጣም ቀስ ብሎ እንደ ማር ከተመለሰም ችግር ነው፣ መንገድ ላይ ተከታታይ ጉድጓዶች ሲመጡ ከመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው ይመታዋል፣ ከዛ ሶስተኛው፣ እንዲህ እያለ ታምቆ ይቀርና እንደ ድንጋይ ይሆናል። ዘንጉ ላይ አዲስ እርጥብ ዘይት ካያችሁ ደሞ ሌላ ፈተና አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን፣ ሾኩን ከመክሰሳችሁ በፊት ጎረቤቶቹን እዩ። ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁማችሁ የኋላ ጎማውን በሁለት እጅ ያዙና ግራ ቀኝ ነቅንቁት፣ ቀጭ ቀጭ ሚል ነገር ካለ የቸርኬው ኩሽኔታ ወይም ደሞ ስዊንግአርም ሚባለው ጎማውን የያዘው ክንድ ቦኮላ ተበልቷል፣ እና እሱ እያለ የዓለም ምርጥ ሾክ ብታስገቡ መታጠፊያ ላይ ጭራው መወዛወዙን አይተውም። የጎማ ንፋስም እዩ፣ ሳቅ ሊመጣባችሁ ይችላል ግን ስንቱ ነው በጎደለ ንፋስ ሾክ የቀየረው።

አሁን ወደ ግዢው። እኔ መጀመሪያ የሰራሁትን ስህተት ልንገራችሁና ከዛ እንቀጥላለን። የሞተሬ ሾክ ከላይኛው ብሎን መሃል እስከ ታችኛው ብሎን መሃል 330 ሚሊሜትር ነበር፣ እኔ 350 ገዛሁ፣ ለምን ብትሉኝ ከኋላ ብድግ ሲል ያምራል ብዬ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ገባ፣ ብሎኑም ልክ ነው፣ ደስ አለኝ። መጀመሪያ የታዘብኩት የጎን መቆሚያውን ነው፣ ሞተሩ ከፍ ስላለ መቆሚያው አጠረና ሞተሩ ከድሮው በላይ አጋድሎ ቆመ፣ እኔም ችላ አልኩት። በማግስቱ ለስለስ ያለ አፈር ላይ አቁሜው ዞር ከማለቴ የመቆሚያው እግር ሰመጠና ሞተሩ በጎኑ ተኛ፣ ታንኩ ተጨረመተ፣ የክላች ማንሻ ተሰበረ። ከዛ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ደሞ ካቴናው ስዊንግአርሙ ላይ ያለውን ፕላስቲክ እየፋቀ እንደሆነ አየሁ፣ ክንዱ ቁልቁል ስለሆነ። 20 ሚሊሜትር ነው እንግዲህ ይሄን ሁሉ ያመጣው።

ለምን ይሄን ያህል? የሞተር ከኋላ ከፍ ማለት ከኋላ ብቻ አይቀርም። የኋላው ከፍ ሲል ሞተሩ በሙሉ ወደፊት ይደፋል፣ የፊት ፎርኩ፣ ማለት የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ፣ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለቱ ጎማዎች መሃል ለመሃል 1400 ሚሊሜትር የሚራራቁ ሞተር ላይ ኋላውን በ25 ሚሊሜትር ብታነሱት የፎርኩ አንግል በ1 ዲግሪ አካባቢ ይቀየራል። 1 ዲግሪ ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም፣ መሪው ላይ ግን ታገኙታላችሁ፣ ቶሎ ይታጠፋል፣ ለአንዳንዱ ሞተር ይሄ ጥሩ ነው፣ ፍጥነት ላይ ግን መሪው ቀልጠፍጠፍ ማለት ይጀምራል፣ ሲብስም ይንቀጠቀጣል። አጭር ሾክ ካስገባችሁ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ መሪው ይከብዳል፣ መታጠፍ ይጠላል፣ ማርሚታውና የእግር መርገጫው ቶሎ አስፋልት ይነካሉ፣ በጎን መቆሚያ ሲቆም ከሚገባው በላይ ቀጥ ይልና ንፋስ እንኳን ወደ ቀኝ ሊጥለው ይችላል፣ በመሃል መቆሚያ ለማቆም ደሞ ወገብ ይፈልጋል። በካቴና ሳይሆን በዘንግ ሚሄድ ሞተር ከሆነ ረጅም ሾክ የዘንጉን ክሮቸራ፣ ማለት ተጣጣፊ መጋጠሚያውን፣ ከተሰራበት አንግል በላይ ያጥፈዋል፣ ዕድሜውን ይበላዋል። ስለዚህ ርዝመቱን ከፋብሪካው ጋር እኩል አርጉት፣ ምታውቁት ምክንያት ካላችሁ ብቻ 5 ወይም 10 ሚሊሜትር ጨምሩ።

ስትለኩ ሞተሩ በመሃል መቆሚያ ቆሞ፣ የኋላ ጎማው አየር ላይ ሆኖ ነው፣ መሬት ላይ ቆሞ ከለካችሁ የታመቀውን ነው ምትለኩት። መሃል ለመሃል መለካት ሚያስቸግር ከሆነ ከላይኛው ብሎን የላይ ጠርዝ እስከ ታችኛው ብሎን የላይ ጠርዝ ለኩ፣ ሁለቱ ብሎኖች ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ያው ቁጥር ነው ሚወጣው።

ርዝመት ብቻ ግን አይበቃም፣ የሾኩ ዘንግ ስንት ይገባል ሚለውም አለ። ሁለት ሾኮች ቆመው እኩል 330 ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንዱ ግን 80 ሲገባ ሌላው 110 ይገባል። 110 ሚገባው መጥፎ ጉድጓድ ላይ ጎማውን ከፓራፋንጎው ጋር ያጋጨዋል፣ ፓራፋንጎው ስር ደሞ በአሮጌ ሞተሮች ላይ የኋላ መብራት ሽቦ ነው ያለው፣ ጎማው ሽቦውን ልጦ ፊውዝ እስኪበላ ድረስ ማንም አይጠረጥርም። ይሄን ገንዘብ ሳያወጡ ማወቅ ይቻላል። ድሮውን ሾክ አውጡ፣ ጎማውን ከስር በክሪክ ወይም በእንጨት እያነሳችሁ በሁለቱ የሾክ ማሰሪያዎች መሃል ያለውን ርቀት ለኩ፣ ርቀቱ አዲሱ ሾክ ሙሉ ለሙሉ ሲታመቅ ሚኖረው ርዝመት ጋ ሲደርስ አቁሙና ዙሪያውን እዩ፣ ጎማው ከፓራፋንጎው ምን ያህል ይርቃል፣ ካቴናው ምን ይነካል፣ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል ወይ። አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ እና ይሄን ሲያደርግ ያየሁት ሰው በጣም ጥቂት ነው።

ማሰሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። ከላይ ቀለበት ከታች ቀለበት ያለው አለ፣ ከላይ ቀለበት ከታች ሹካ መሳይ ያለው አለ። የቀለበቱ ውስጥ ዲያሜትር 10፣ 12፣ 14፣ 16 እያለ ይሄዳል፣ ስፋቱም ይለያያል። ጠባብ ብሎን ሰፊ ቀለበት ውስጥ ከገባ ይጫወታል፣ ድምፁ ራሱ ያሳብዳችኋል፣ ትክክለኛው መፍትሄ በልኩ የተቀረጸ የብረት ቦኮላ ነው፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅልሎ መሰንቀር ሚባለውን ነገር እርሱት። የሞላው ውፍረትም አለ፣ ዘመናዊ ሾኮች አንዳንዴ ሰፋ ይላሉ፣ የካቴና መሸፈኛውን ወይም ማርሚታውን ይነካሉ፣ በሮንዴላ ወደ ውጪ ገፋ ማድረግ እስከ 2 እና 3 ሚሊሜትር ችግር የለውም፣ ከዛ በላይ ከሆነ ግን ብሎኑ ላይ ሚያርፈው ጭነት ይጨምራል፣ በተለይ ከሻንሲው ላይ እንደ እንጨት ካስማ ወጥቶ በቆመ ብሎን ላይ ሚታሰር ከሆነ።

ሞላው ጋ መጣን፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ ሚሳሳተው፣ እኔንም ጨምሮ።

ሰው ሾክ ሲመርጥ "ጠንካራ ይሁን ለስላሳ" ብሎ ያስባል፣ ወፍራም ሰው ጠንካራ፣ ቀጭን ሰው ለስላሳ፣ በቃ። ነገሩ ግን ሚለካ ነገር ነው፣ ስሙ ሳግ ይባላል፣ ሳግ ስላችሁ የለቅሶውን አይደለም፣ ሞተሩ በክብደት ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ሚለካበት ነው። አለካኩ እንዲህ ነው። ከኋላ ጎማው አክስል መሃል ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ፣ ወንበሩ ወይም ፓራፋንጎው ላይ አንድ ምልክት አርጉ፣ ፕላስተር ይበቃል። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ በሁለቱ መሃል ያለውን ርቀት ለኩ፣ እንበል 520 ሚሊሜትር። ከዛ ሞተሩን መሬት ላይ አውርዳችሁ ሰው ሳይወጣበት ለኩ፣ እንበል 508። ከዛ ከነ ሄልሜት ከነ ጃኬት ከነ ጫማ ውጡበት፣ አንድ ሰው ከፊት ይዞ ቀጥ ያርግላችሁ፣ እግራችሁን መርገጫው ላይ አርጋችሁ፣ ሌላ ሰው ይለካ፣ እንበል 489። ስለዚህ ሞተሩ በራሱ ክብደት 12 ወርዷል፣ እናንተ ጋር 31 ወርዷል ማለት ነው።

31 ጥሩ ነው ወይ? የኋላ ጎማው በጠቅላላ ስንት ሊጓዝ እንደሚችል ነው ሚወስነው። ብዙዎቹ የድሮ የመንገድ ሞተሮች ጎማቸው ከ80 እስከ 110 ሚሊሜትር ይጓዛል። ሰው ተቀምጦበት ከዚህ ጉዞ ሩቡን እስከ ሲሶውን መውረድ አለበት፣ ስለዚህ ጉዞው 100 ከሆነ 31 በጣም ጥሩ ነው። የቀረው ለጉድጓድ ነው። ሰው "ለምን ጭራሽ አይወርድም፣ ከፍ ብሎ ቢቀመጥስ" ይላል፣ ጎማው ግን ጉድጓድ ውስጥ ወደ ታች ሚወርድበት ቦታም ያስፈልገዋል እኮ፣ ሾኩ ሙሉ ተዘርግቶ ከተቀመጠ ጎማው ጉድጓዱ ላይ አየር ላይ ይቀራል፣ መንገዱን ይለቃል፣ ያኔ ፍሬን ብትይዙ ምን እንደሚሆን አስቡት።

አሁን ግራ ሚያጋባው ክፍል። ፕሪሎድ ሚባለው፣ ሾኩ ስር በቁልፍ ምታዞሩት ቀለበት፣ ሞላውን አያጠነክረውም። ይሄን ደግሜ ብለው ደስ ይለኛል ምክንያቱም ሃያ ዓመት ሞተር የነዱ ሰዎች "ሾኩን አጠነከርኩት" ሲሉ እሰማለሁ። አንድ ሞላ 1 ሚሊሜትር ለመታመቅ 18 ኒውተን ሚፈልግ ከሆነ ቀለበቱን ስንት ጊዜ ብታዞሩት 18 ነው ሚፈልገው። ቀለበቱ ሚያደርገው ሞላውን አስቀድሞ ጨምቆ ሞተሩን ከፍ ማድረግ ነው፣ ማለትም ሳጉን ነው ሚቀይረው። ታዲያ ሞላው ለኔ ልክ ነው አይደለም ምለው በምንድነው? በነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች ነው። ቀለበቱን አዙራችሁ እናንተ ስትቀመጡ 30 አካባቢ እንዲወርድ አድርጉት፣ ከዛ ውረዱና ሞተሩ ብቻውን ስንት እንደሚወርድ እዩ። ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር መሃል ከሆነ ሞላው ልካችሁ ነው። ምንም ካልወረደ፣ ማለት ባዶውን ሙሉ ተዘርግቶ ከቆመ፣ ሞላው ለእናንተ ለስላሳ ነው፣ እናንተን ለመሸከም ብላችሁ ብዙ ጨምቃችሁታል ማለት ነው። ባዶውን 20 እና 25 ከወረደ ደሞ ሞላው በጣም ጠንካራ ነው። አዎ፣ ግልባጭ ይመስላል፣ ባዶውን ሚወርደው ነው ጠንካራው። መጀመሪያ የነገረኝን ሰው አላመንኩትም ነበር፣ ቁጭ ብዬ ሳስበው ነው የገባኝ፦ ጠንካራ ሞላ እናንተ ስትወጡ ብዙ አይወርድም፣ ስለዚህ 30 እንዲሞላ ቀለበቱን ልቅ ማድረግ ግድ ነው፣ ልቅ ሲሆን ደሞ ሞተሩ ብቻውን ይወርዳል።

ከላይ ያለውን ምሳሌ በቁጥር ብናየው፣ ከ12 ወደ 31 የወረደው 19 ሚሊሜትር በሰውየው ክብደት ነው። ሰውየው ከነ ልብሱ 95 ኪሎ ነው እንበል፣ ቀጥ ብሎ ሚቀመጥ ሰው በግምት ሶስት አራተኛው ክብደቱ ኋላ ላይ ነው ሚያርፈው፣ 70 ኪሎ ገደማ፣ ወደ 690 ኒውተን። 690ን ለ19 ስታካፍሉት 36፣ ሁለት ሾክ ስላለ ለእያንዳንዱ 18 ኒውተን በሚሊሜትር። አያችሁ፣ ምንም ያልተጻፈበትን የድሮ ሞላ ጥንካሬ በሜትርና በሚዛን አወጣነው፣ ሾኩ ቀጥ ብሎ ከቆመና ከአክስሉ ብዙ ካልራቀ በቂ ግምት ነው። አንዳንዱ ሞላ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል ግን በየሀገሩ መለኪያው ይለያያል፣ 1 ኪሎ በሚሊሜትር ማለት 9.8 ኒውተን በሚሊሜትር ወይም 56 ፓውንድ በኢንች ነው፣ ስለዚህ 18 ኒውተን ሚለውና 103 ፓውንድ ሚለው አንድ ሞላ ነው፣ "103 ይበልጣል" ብላችሁ እንዳትገዙ። ከኋላ ሰው ምትጭኑ ከሆነ ደሞ አስቡበት፣ ኋላ ላይ 60 ኪሎ ቢጨመር በነዚህ ሞላዎች ሌላ 16 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ 31 የነበረው 47 ሆነ ማለት ነው፣ ግማሽ ጉዞው ገና ሳትነሱ አለቀ። ሁሌ ሰው ሚጭን ሰው ጠንከር ያለ ሞላ፣ አልፎ አልፎ ሚጭን ሰው በቀላሉ ሚዞር የፕሪሎድ ቀለበት ይምረጥ።

ሾኩ ያጋደለ ከሆነስ? ወደፊት ያጋደለ ሾክ ጎማው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከቀጥታው 30 ዲግሪ ካጋደለ ከሞላው ጥንካሬ ጎማው ላይ ሚደርሰው ሶስት አራተኛው ነው፣ 45 ዲግሪ ከሆነ ግማሹ ብቻ። ስለዚህ ከሌላ ሞዴል የወጣ ሾክ ርዝመቱም ቀለበቱም ልክ ሆኖ እናንተ ጋ ሲገባ እንደ ድንጋይ ወይም እንደ ፍራሽ ሚሆነው ለዚህ ነው፣ ሾኩ አልተበላሸም፣ የተሰራበት አንግል ሌላ ነው።

ነጠላ ሾክ ያላቸው ሞተሮች ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። ቤልጅየማዊው ሉሲየን ቲልኬንስ የሰራውን ሐሳብ ያማሃ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሞቶክሮስ ሞተሮቹ ላይ አመጣው፣ ከዛ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሆንዳ ፕሮሊንክ፣ ካዋሳኪ ዩኒትራክ፣ ሱዙኪ ፉል ፍሎተር እያሉ በሾኩና በስዊንግአርሙ መሃል የብረት ማያያዣዎች ጨመሩበት። እዛ ላይ ሾኩ 1 ሚሊሜትር ሲገባ ጎማው 2 ወይም 3 ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሞላው በጣም ጠንካራ ነው፣ ከሁለት ሾክ ሞተር ጋር ቁጥሩን አታወዳድሩ፣ ደሞ 5 ሚሊሜትር የረዘመ ሾክ ጎማው ጋ ከ10 እስከ 15 ሆኖ ነው ሚደርሰው። ማያያዣዎቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ኩሽኔታዎች ደሞ አሮጌ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ ግሪስ አይተው አያውቁም፣ ዝገው ይደርቃሉ፣ ሰውየው "ሾኩ ደረቀ" ይላል፣ ሾኩ ደህና ነው። ሾክ ስታወጡ እነሱን ሳትፈቱና ግሪስ ሳትቀቡ አትመልሱ፣ ደግሞ እጃችሁ እዛው ነው ያለው።

ስለ ሞላ ሌላ አንድ ነገር፣ ጥምዝምዙ አንድ ጫፍ ላይ የተጠጋጋ ሌላው ላይ የተራራቀ ሞላ አለ፣ ሲታመቅ እየጠነከረ ሚሄድ። አንዴ ብቻቸውን አንዴ ሰው ጭነው ለሚሄዱ ሰዎች ጥሩ መካከለኛ ነው፣ እኔ ግን ክብደቱ ማይለዋወጥ ሰው እኩል የተጠመዘዘውን ቢገዛ እላለሁ፣ ስሜቱ ግልጽ ነው፣ ሲለካም አያታልልም።

ዳምፐሩ ውስጥ ምን እንዳለ ከውጪ አይታይም፣ ዋጋውን ግን በዋናነት ሚወስነው እሱ ነው። የድሮዎቹ አብዛኞቹ ቱቦ ውስጥ ቱቦ ያላቸው ናቸው፣ ከዘይቱ ጋር አየር አብሮ አለ። መጥፎ መንገድ ላይ ዘይትና አየሩ እንቁላል ሲመታ እንደሚሆነው አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደሞ በቀዳዳ ሲያልፍ ምንም አይከብደውም፣ ስለዚህ ጠዋት ጥሩ የነበረ ሾክ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይዘላል። እነዚህ ሾኮች ተገልብጠው መታሰር አይወዱም፣ ፋብሪካው ባለው አቅጣጫ ነው። ደ ካርቦን በሚባለው ፈረንሳዊ መሃንዲስ ስም ሚጠሩት ደሞ አንድ ቱቦ ብቻ አላቸው፣ ዘይቱን ከናይትሮጅን ጋዝ ሚለይ ተንሳፋፊ ፒስተን አለ፣ ጋዙ በግፊት ዘይቱን ስለሚጫነው አረፋ በቀላሉ አይፈጠርም። ከጎኑ ወይም ከላዩ ትንሽ ጠርሙስ የተለጠፈበትም አለ፣ ተጨማሪ ዘይትና ጋዝ ነው ውስጡ ያለው፣ ከባድ ጭነትና ረጅም የጠጠር መንገድ ላለው ሰው ይጠቅማል፣ ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ግን በአብዛኛው ጌጥ ነው። እኔ ብሆን ጠርሙስ ካለው ርካሽ ይልቅ ጠርሙስ የሌለው ግን ውስጡ ጋዝና ዘይት የተለየበትን እመርጣለሁ። አንዳንዶቹ ላይ ጠርሙሱ ራሱ ባዶ ብረት ነው፣ ለመልክ ብቻ የተለጠፈ።

ማስተካከያ ቁልፎቹ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ቢያንስ ፕሪሎድ ይኑረው፣ ከዛ ሪባውንድ፣ ማለት ሾኩ ሲዘረጋ ምን ያህል እንዲዘገይ ሚወስነው። ኮምፕሬሽን፣ ሲታመቅ ያለው፣ ከነሱ ቀጥሎ ነው። ሃይ ስፒድና ሎው ስፒድ ሚባሉ ደሞ አሉ፣ የሞተሩ ፍጥነት አይደለም፣ የዘንጉ ነው፣ በ30 እየሄዳችሁ ስል ያለ ጉድጓድ ብትመቱ ዘንጉ በፍጥነት ነው ሚገባው፣ በ100 እየሄዳችሁ ለጥ ያለ ወጣ ገባ ላይ ደሞ ዘንጉ ቀስ ብሎ ነው ሚሄደው። አራት ቁልፍ ያለው ሾክ ገዝታችሁ ሞላው ለክብደታችሁ ካልሆነ አራቱም ቁልፎች አያድኗችሁም።

ከየት ይገዛ ሚለው። ያገለገለ ሾክ ከወደቀ ሞተር ላይ የወጣ፣ ያው የሞተ ዳምፐር በሞተ ዳምፐር መቀየር ሊሆን ይችላል፣ ከሞተሩ ሳይወጣ በፊት ሻጩ ፊት ወንበሩን ተጭናችሁ ያልፈተናችሁትን አትግዙ። "ፋብሪካ ነው፣ ካርቶኑ እንኳን አልተከፈተም" ሚባለው የድሮ ዕቃ ደሞ ያታልላል፣ ሰላሳ ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሲል ጎማ ነው እኮ፣ ደርቆ ይጠብቃችኋል፣ በሁለት ሳምንት ዘይት ይተፋል። ማደስስ? ጭንቅላቱ ላይ በጥርስ ሚፈታ ክዳን ወይም ቀለበት ያለው ከሆነ ይፈታል፣ ሲልና ዘይት ይቀየራል፣ ዘንጉ ካልዛገና ካልተጫረ ጥሩ ነው። ጫፉ ተጨፍልቆ የተዘጋ ከሆነ ግን እንዲጣል ነው የተሰራው። ጋዝ ያለበትን ሾክ ደሞ ቤት ውስጥ በመሰርሰሪያ እንዳትነኩት፣ ውስጡ ግፊት ነው፣ ሞላውንም ያለ መጨመቂያ አትፍቱ፣ ፊት ላይ ነው ሚመጣው።

አዲስ ከሆነ፣ ለአሮጌ ሞተሮች እስካሁን ሾክ በመስራት ከሚታወቁት ሃጎን የእንግሊዝ ነው፣ አይኮን የአውስትራሊያ ነው፣ ድሮ ኮኒ ይሰራቸው የነበሩትን ሾኮች የወረሰ፣ ዋይኤስኤስ የታይላንድ፣ ዊልበርስ የጀርመን፣ ሃይፐርፕሮ የኔዘርላንድስ፣ ኦሊንስ ደሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ስዊድን ውስጥ የተጀመረው ነው። ስም ጠቅሼ ማንም ከማን ይበልጣል ማለቴ አይደለም፣ ሚጠቅማችሁ ዋናው ነገር ብዙዎቹ ሲታዘዙ ክብደታችሁን ይጠይቃሉ፣ ሞላውን በዛ ይመርጣሉ። ክብደታችሁን ማይጠይቅ ሻጭ አንድ ሞላ ለሁሉ ሰው ነው ሚሸጥላችሁ። ሲጠይቋችሁ ደሞ እውነቱን ተናገሩ፣ ከነ ጃኬት ከነ ጫማ ከነ ቦርሳ፣ "80 ኪሎ ነኝ" ብሎ የዛሬ አምስት ዓመት የነበረውን ክብደት ሚልክ ሰው አውቃለሁ፣ ራሴ ነኝ።

ሁለት ሾክ ካለው ሁለቱንም አንድ ላይ ነው ሚቀየረው፣ አንዱን ብቻ አዲስ ካረጋችሁ ስዊንግአርሙ ይጠመዘዛል። ስትገጥሙ አንዱን አውጥታችሁ አስገቡና ከዛ ወደ ሌላው፣ ሁለቱንም አንዴ ካወጣችኋቸው ጎማው ይወድቅና ብሎኑን ከቀዳዳው ጋር ለማገናኘት ስትታገሉ ትውላላችሁ። ነጠላ ሾክ ከሆነ ሻንሲው በደንብ ተደግፎ መሆን አለበት፣ በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ስሩ እንዳትገቡ። ዳዶዎቹን በማኑዋሉ ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ፣ የሁለቱን ሾኮች ፕሪሎድ እኩል ጥርስ ላይ አርጉ።

ከዛ ሳጉን እንደገና ለኩ፣ ሪባውንዱን እስከ መጨረሻው ዝጉና ከዛ ወደ ኋላ ስንት ክሊክ፣ ማለት ቁልፉ ሲዞር ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳለ፣ እንደከፈታችሁ ቁጠሩ፣ ፋብሪካው ካለው ቁጥር ጀምሩ፣ በምታውቁት መንገድ ላይ አንዴ ሂዱና ሁለት ክሊክ ቀይራችሁ እንደገና ሂዱ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። 500 ኪሎሜትር ሲሞላ ብሎኖቹን ዳግም አጥብቁ፣ አዲስ ሞላ ትንሽ ስለሚሟሽ ሳጉም 2 እና 3 ሚሊሜትር ሊጨምር ይችላል፣ ቀለበቱን በዛው መጠን አዙሩት። ቁጥሮቹን እኔ በእስክርቢቶ ፕላስተር ላይ ጽፌ ከወንበሩ ስር ለጥፌያቸዋለሁ፣ 12፣ 31፣ ከመጨረሻው 9 ክሊክ።